የዩኤስቢ ሲሪያል ቦርዴን 5 ላይ ላድርገው ወይስ 3.3?

የአምስት ኪሎው፦ ጤና ይስጥልኝ። ከመርካቶ ዩኤስቢን ወደ ሲሪያል የሚቀይር ትንሽ ቦርድ ገዛሁ። 5 እና 3.3 የሚል ጀምፐር (ቮልቴጅ መምረጫ ማገናኛ) አለው። ሻጩን የቱ ላይ ላድርገው ስለው «ሁለቱም ይሠራል» አለኝ። ፕሮግራም የምጭነው ኢኤስፒ 8266 የሚባል ዋይፋይ ያለው ቺፕ ላይ ነው። አንዱን ኢኤስፒ በ5 ቮልት ሞክሬው ጣት እስኪያቃጥል ጋለና በዚያው ቀረ። አሁን የቀረኝ አንድ ነው፤ ፕሮጀክቱ ደግሞ ሰኞ ይቀርባል። እባካችሁ!

ጀማሪዋ፦ አይዞህ። ቮልቴጁን የሚወስነው የምታገናኘው ቺፕ ነው። አርዱዊኖ ኡኖ በ5 ይሠራል፣ ኢኤስፒ 8266 ግን በ3.3 ነው። ጀምፐሩን 3.3 ላይ አድርገው፣ አለቀ።

የፒያሳው ጠጋኝ፦ ኧረ አላለቀም እህቴ! አንዳንድ ርካሽ ቦርድ ላይ ጀምፐሩ የሚቀይረው ቪሲሲ የሚለውን የኃይል መስጫ እግር ብቻ ነው። ዳታ የሚልከው እግር፣ ቲኤክስ፣ 5 ላይ እንዳለ ይቀራል። እኔ በዚህ የደንበኛ ዕቃ አቃጥዬ ከኪሴ ከፍያለሁ። ምንም ሳታገናኝ ቦርዱን ኮምፒውተር ላይ ሰካው። ቴስተርህን ዲሲ ላይ አድርገህ ጥቁሩን ግራውንድ (የጋራው ነጌቲቭ)፣ ቀዩን ቲኤክስ ላይ አስነካ። ቲኤክስ ዳታ በማይልክበት ጊዜ ከፍ ብሎ ስለሚቆም እውነቱን ይነግርሃል።

የአምስት ኪሎው፦ ቴስተር ተውሼ ለካሁ። ጀምፐሩ 3.3 ላይ ሆኖ ቲኤክስ 4.9 ይላል!! የቦርዱ ቺፕ ሲኤች 340 ጂ ነው። ልጣለው?

የፒያሳው ጠጋኝ፦ ምን በወጣው! ሁለት ሬዚስተር ይበቃሃል። ከቦርዱ ቲኤክስ ባለ 1 ኪሎ ኦም አውጣ፤ ከጫፉ ወደ ግራውንድ ባለ 2 ኪሎ ኦም አስገባ። ሁለቱ የሚገናኙበትን ከኢኤስፒው አርኤክስ (ዳታ መቀበያው እግር) ጋር አያይዘው፤ ወደ 3.3 ይወርድልሃል። ባለ 2 ካጣህ ሁለት ባለ 1 አከታትል። ከኢኤስፒው ቲኤክስ ወደ ቦርዱ አርኤክስ የሚመለሰው ቀጥታ ይሂድ።

የለገሃሩ ብየዳ፦ የኃይሉን ነገር ማንም አላነሳም እኮ። ኢኤስፒው ዋይፋይ ሲከፍት ከ300 ሚሊአምፔር በላይ የሚስብበት ጊዜ አለ። የታወቀው የዩኤስቢ ሲሪያል ቺፕ ኤፍቲ 232 አርኤል እንኳ በ3.3 እግሩ 50 ሚሊአምፔር ብቻ ነው የሚሰጠው። ከዩኤስቢው 5 ቮልት ወስደህ በኤኤምኤስ 1117 ባለ 3.3 ሬጉሌተር አውርድ። መውጫው ላይ ካፓሲተር አትርሳ። ግራውንዱን ሁሉም ይጋሩ።

ጀማሪዋ፦ እኔም ተማርኩ። አሮጌ ራውተር ላይስ?

የፒያሳው ጠጋኝ፦ ብዙዎቹ 3.3 ናቸው፣ ግን ለኪ። ራውተሩ በራሱ ቻርጀር ስለሚሠራ ቪሲሲን ጨርሶ አትንኪው። ግራውንድ፣ ቲኤክስና አርኤክስ ብቻ።

የአምስት ኪሎው፦ ተጫነ! መጀመሪያ ጭጭ ብሎኝ ነበር፤ ለካ ቲኤክስን ከቲኤክስ ጋር አገናኝቼው ኖሯል። ሳመሳቅለው ሠራ። ጠጋኝ፣ ፒያሳ ስመጣ ማኪያቶ በእኔ ነው።

የፒያሳው ጠጋኝ፦ ማኪያቶው ይቅር፤ ጨምርበትና የራስህን ቴስተር ግዛ።