ስኩዌር ዌቩ ሎድ ሲነካው ለምን ይሞታል?

ጀማሪ_አዳማ፦
ሰላም ወገን። በ555 (የታይመር ቺፕ) የ1 ኪሎኸርዝ ስኩዌር ዌቭ (ላይና ታች ብቻ የሚዘል ሞገድ) ጀነሬተር ብሬድቦርድ ላይ ሠራሁ። 9 ቮልት ነው የሰጠሁት። ከፍታውን እንዳስተካክል ብዬ መውጫው ላይ 10 ኪሎ ኦም ቮልዩም (የሚዞር ሬዚስተር) አስገባሁ። ካምፓስ ወስጄ በኦሲሎስኮፕ (የሞገዱን ቅርጽ በሚያሳየው መሣሪያ) ሳየው ቆንጆ ነው፣ ጫፎቹ ቀጥ ያሉ። ቮልዩሙን መሃል ላይ አድርጌ 50 ኦም ሬዚስተር እንደ ሎድ (ከረንት የሚጠጣ ነገር) ሳስርበት ግን 70 ሚሊቮልት ገደማ ቀረ! ቺፑ ተቃጠለ እንዴ? ያለኝ አንድ ብቻ ነው፣ ሌላ ለማግኘት መርካቶ ሰው መላክ ሊኖርብኝ ነው።

ጠጋኙ፦
ቺፑ ደህና ነው ወንድሜ፣ ጉዱ ያለው ቮልዩሙ ላይ ነው። መሃል ላይ ስታቆመው ከላይ 5 ኪሎ፣ ከታች 5 ኪሎ ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን እንደታሰሩ ስለሚቆጠሩ ሎዱ ከ2.5 ኪሎ ኦም ጀርባ ሆኖ ነው የሚጠጣው። 50 ኦም እዚያ ላይ ስታስር መሃል ላይ ካለው ግማሽ ቮልቴጅ 51ኛው እጅ ብቻ ይደርሰዋል። ቮልዩሙን አውጣው። ከዚያ የ555ቱን 3ኛ እግር የቢዲ139 እና የቢዲ140 ትራንዚስተሮች ቤዞች ላይ አንድ ላይ እሰር፣ ሁለቱን ኤሚተሮች አጋጥመህ መውጫ አድርጋቸው። የ139ኙ ኮሌክተር ወደ ፖዘቲቭ፣ የ140ው ወደ ግራውንድ። ለሎዱ ከረንት የሚሰጡት እነሱ ይሆናሉ። ከተጣለ አምፕሊፋየር ላይ ነቅለህ ታገኛቸዋለህ፣ ብር አታውጣ።

ጀማሪ_አዳማ፦
እህትህ ነኝ ለነገሩ 😄 እሺ፣ ከፍታውን ታዲያ በምን ልቀንሰው?

ካፓሲተር፦
ፓወሩን (የምትሰጪውን ቮልት) ቀንሺው! ስኩዌር ዌቭ እኮ ላይና ታች ብቻ ነው ያለው። ከ12 ቮልት አዳፕተር በኤልኤም317 (የሚስተካከል የቮልቴጅ ሬጉሌተር) አሳልፊና ሁሉንም ከዚያ መግቢ። 555 የሚቀያየረው በፓወሩ ሲሶና ሁለት ሲሶ ላይ ስለሆነ ፍሪኩዌንሲው ብዙም አይነቃነቅም። ከ4.5 ቮልት በታች ግን አትውረጂ። 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር የቺፑ እግር ሥር አስጠግተሽ አድርጊ፣ 555 ሲገለባበጥ ፓወሩን ይነጥቃል።

ጠጋኙ፦
ይቅርታ እህቴ 🙏 ሬዚስተርሽም ሩብ ዋት ከሆነ ይጠበሳል። ባለ ግማሽ ዋት 100 ኦም ሁለት ጎን ለጎን እሰሪ።

ጀማሪ_አዳማ፦
ሠራ! 6.5 ቮልት ከነሎዱ። መጀመሪያ 140ውን ገልብጬ አስገብቼው በጣም ግሎ ነበር፤ ለካ ኮሌክተሩ የመሃሉ እግር ነው። ሩብ ዋቷ ሬዚስተር ግን ምክሩ ሳይደርሳት ጠቁራለች።