ጎመንና ቆስጣ በየቀኑ እየበላች ደሟ ለምን አይጨምርም?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ 28 ዓመቷ ነው። ሄሞግሎቢኗ (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) 10.4 ሆኖ የብረት እጥረት ነው ተብላ እንክብል ታዝዞላታል። ትጾማለች። ቤታችን ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቀይ ስርና ምስር አይጠፋም፤ ምሳ እንደተበላም ቡና ይፈላል። ጎመኑን ቀቅለን ውሃውን ደፍተን ነው የምንሠራው፤ አረንጓዴነቱ እንዳይጠፋም ቁንጥር ሶዳ እንጨምራለን። ምን እናስተካክል? የቀይ ስር ጭማቂ ደም ይሞላል የሚባለውስ እውነት ነው? ሰላጣ በጥሬው ለመብላትስ እንዴት ይታጠብ?

ሥነ ምግብ፦ የምትበላው ነገር ጥሩ ነው፤ ችግሩ ያለው ሰውነቷ ከዚያ ብረት ምን ያህሉን ይወስዳል የሚለው ላይ ነው። የአትክልትና የጥራጥሬ ብረት እንደ ሥጋው በቀላሉ አይመጠጥም፤ አብሮት የሚበላው ነገር ወይ ይረዳዋል ወይ ያግደዋል። ዋናው አጋጅ ከምሳ ቀጥሎ የሚመጣው ቡና ነው፤ ሻይም ያው ነው። ቡናው ውስጥ ያሉት ነገሮች አንጀት ውስጥ ብረቱን ይይዙትና ሳይመጠጥ ያልፋል። ምግብ ከተበላ አንድ ሰዓት ቆይቶ ቢጠጣም ጉዳቱ እምብዛም አይቀንስም። ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣ ቡና ግን ይህን ያህል አይጎዳም። ስለዚህ ቡናውን ረፋድ ላይ አፍሉት፤ ያ ካልተቻለ ከምሳ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቆይ።

ረዳቱ ደግሞ ቫይታሚን ሲ ነው። ብዙ ሰው ሎሚ ጠብ ሲያደርግ የጨረሰ ይመስለዋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ግን ከ6 እስከ 7 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ብቻ ነው ያለው። የቃሪያ ስንግ ይበልጠዋል፤ በሽንኩርትና ቲማቲም የተሞላ አንድ ጥሬ ቃሪያ ብቻውን ከ40 ሚሊግራም በላይ ሊሰጥ ይችላል። ጨጓራዋን ካላስቸገራት በየምሳው አንድ ስንግ ከምስሩ ጋር አብራ ትብላ። ቃሪያ ካልተስማማት ብርቱካን ወይም ዘይቱን (ጉዋቫ) እዚያው ማዕድ ላይ ይቅረብላት፤ ከሰዓታት በኋላ ብትበላው ለምሳው ብረት አይጠቅምም።

ከቅጠሎቹ በቆስጣ ላይ ብዙ አትመኩ። ብረት ቢኖረውም ኦክሳሌት የሚባል ነገር ስለሚበዛው ካልሲየሙን አስሮ ያስቀራል፣ ብረቱም በደንብ አይመጠጥም። ለብረቱ የምትተማመኑበት ምስሩ ይሁን፤ 100 ግራም የበሰለ ምስር 3 ሚሊግራም ገደማ አለው። በእሷ ዕድሜ ያለች ሴት በቀን 18 ሚሊግራም ያስፈልጋታል። ይህን ስታዩት እንክብሉ ለምን እንደታዘዘ ይገባችኋል፤ ጎመን እንክብሉን አይተካም።

የጓዳ ሙያ፦ ሶዳውን ዛሬውኑ ተዉት። ቀለሙን ይጠብቃል፤ ቫይታሚን ሲና ቢ አንድን ግን ያጠፋል፣ ቅጠሉንም ያላሽቀዋል። የምትደፉት ውሃም ፎሌቱን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ፎሌት ደግሞ ደም ለመሥራት የሚያስፈልግ ቫይታሚን ነው።

ለ1 ኪሎ የሐበሻ ጎመን እንዲህ አድርጉ። ቅጠሉን ሳይከተፍ እጠቡ፤ ከተከተፈ በኋላ የሚታጠብ ከሆነ ቫይታሚኑ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ዘንጉን ለይታችሁ በቀጭኑ ክተፉና ቀድሞ ይግባ። 2 ራስ ሽንኩርት በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አቁላሉ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሩ፣ ዘንጉን ከግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጋር ለ5 ደቂቃ አብስሉት። ከዚያ ቅጠሉን ጨምራችሁ የመጀመሪያዎቹን 3 ደቂቃዎች ክዳኑን ክፈቱት። ከቅጠሉ የሚወጣው አሲድ በእንፋሎት ካልወጣ ነው ጎመኑ የሚጠቁረው። ቀጥሎ ክደኑት፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ውሃው እዚያው ይምጠጥ። ቃሪያው ከእሳት ሲወርድ፣ ሎሚው ሲቀርብ ይግባ፤ ቀድሞ የገባ ሎሚ ቀለሙን ያበላሻል። ዘይቱን ፈጽሞ አታስቀሩ፤ የጎመንና የካሮት የቫይታሚን ኤ ምንጭ ያለ ቅባት በደንብ አይመጠጥም።

ላብራቶሪ፦ ቀይ ስር የሚታመነው በቀለሙ ነው። ያ ቅላት ቤታሌን ከሚባል ማቅለሚያ ይመጣል፤ ከደም ጋር አይገናኝም። 100 ግራም ቀይ ስር ከ1 ሚሊግራም ያነሰ ብረት ነው ያለው። ፎሌቱ ጥሩ ስለሆነ ትብላው፤ ግን ጭማቂ ሲሆን ቃጫው ይቀራል፣ ስኳር ከተጨመረበት ደግሞ የባሰ ነው። ሽንትና ሰገራ ቢቀላ አትደንግጡ፤ የብረት እንክብሉም ሰገራን ያጠቁራል።

አትክልት ተራ፦ ሰላጣውን ቅጠል በቅጠል ፈልቅቃችሁ በሚወርድ ውሃ ከፊትም ከኋላም እሹት። ከዚያ በ5 ሊትር ንጹሕ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ሽታ የሌለው 5 በመቶ በረኪና ጨምራችሁ 10 ደቂቃ ዘፍዝፉና በተጣራ ውሃ አለቅልቁ። በረኪናው ባክቴሪያ ይቀንሳል፤ አሜባንና የወስፋትን እንቁላል ግን እንዲህ ባለ መጠን አይገድልም። አቼቶም አይገድለውም። እነዚያን የሚያስወግደው እሽታው ነው፤ ከሁሉም የሚያስተማምነው ማብሰል ነው። ሰላጣው በፍሳሽ በተበከለ ወንዝ ዳር የበቀለ ከሆነ በጥሬው አትብሉት፤ ከአፈሩ የመጣ እንደ እርሳስ (ሊድ) ያለ መርዛማ ማዕድን በመታጠብ አይወጣም።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንክብሉን መቼ ትውሰድ? ደግሞ እናታችን ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን ትወስዳለች፤ ጎመን እርም ነው ብለዋት ፈጽሞ ትታለች።

ሥነ ምግብ፦ እንክብሉን በባዶ ሆድ በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ፣ ከቡና ቢያንስ ሁለት ሰዓት ርቃ ትውሰደው። ካቅለሸለሻት ከትንሽ ምግብ ጋር ይሁን። ሄሞግሎቢኗ ከተስተካከለም በኋላ የሰውነቷ ክምችት እስኪሞላ ሐኪሙ የተወሰኑ ወራት ሊያስቀጥላት ስለሚችል በራሷ አታቁም።

ስለ እናታችሁ፦ ጎመን ቫይታሚን ኬ ይበዛዋል፤ እሱ ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳል። የሚጎዳት ግን አንድ ሳምንት ብዙ በልታ ሌላውን ሳምንት ፈጽሞ መተው ነው። መጠኑ የተሰላው ትበላው በነበረው ልክ ከሆነ በድንገት ማቆሟ ደሟን ከሚፈለገው በላይ ሊያቀጥነው ይችላል። ጎመን ማቆሟን ለሐኪሟ ነግራ አይ ኤን አሯን (ደሟ ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚያሳየውን ልኬት) ትለካ፤ ልትመለስበት ከፈለገችም በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን እንዲሆን ከሐኪሙ ጋር ትወስን።