ሕዋስ ጡንቻ ሳይኖረው እንዴት ይሄዳል?

ተማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነጭ የደም ሕዋስ ባክቴሪያ ሲያሳድድ የሚያሳየውን የድሮ ፊልም አሁን አየሁት። በቀይ የደም ሕዋሳት መሀል እየተሽሎከለከ ይሄዳል። ባክቴሪያው ሲታጠፍ እሱም ይታጠፋል። ከፊቱ ስስ ነገር ይዘረጋል፣ ከዚያ ቀሪው አካሉ ይከተላል። ግን ጡንቻ የለው፣ አጥንት የለው! ሽፋኑን ወደ ፊት የሚገፋው ምንድን ነው? ውስጡ ያለው ፈሳሽ ነው?

ሌንስ፦
ደስ የሚል ጥያቄ ነው። እኔ በማይክሮስኮፕ የማያቸው ከዓሣ ቅርፊት ላይ የሚወሰዱ የቆዳ ሕዋሳትን ነው። በደቂቃ ከ10 ማይክሮሜትር በላይ ይጓዛሉ፤ ለሕዋስ ይሄ ሩጫ ነው።

የሚዘረጋው ስስ ክፍል ላሜሊፖዲየም ይባላል። ውስጡ አክቲን ከሚባል ፕሮቲን በተሠሩ ክሮች ጥቅጥቅ ያለ ነው። የአንዱ ክር ውፍረት 7 ናኖሜትር ገደማ ነው። አርፕ 2/3 የሚባል የፕሮቲን ስብስብ ከነባሩ ክር ጎን በ70 ዲግሪ ገደማ አዲስ ቅርንጫፍ ያበቅላል።

አሁን ወደ ግፊቱ እንምጣ። ሽፋኑ በሙቀት ምክንያት ሁሌም ይርገበገባል። ትንሽ ፈቀቅ ሲል ከክሩ ጫፍ ጋር ክፍተት ይፈጠራል። እዚያች ክፍተት ውስጥ አንድ የአክቲን ሞለኪውል ጥልቅ ይልና ክሩ ላይ ይለጠፋል። ሽፋኑ ልመለስ ቢል ቦታው ተይዟል። ይሄ በሺዎች ጫፎች ላይ በአንድ ጊዜ ሲሆን ሽፋኑ ወደ ፊት ይሄዳል።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ደግሞ ሌላ ነው። በነዚህ የዓሣ ሕዋሳት ውስጥ አክቲኑ ላይ የሚያበራ ምልክት ብታደርግ፣ ምልክቱ ከመስታወቱ አንጻር ባለበት ይቆማል ማለት ይቻላል። ሕዋሱ ነው በላዩ የሚያልፈው። ክሩ ከፊት ይሠራል፣ ከኋላ ይፈርሳል፣ የፈረሰው እንደገና ለፊቱ ይውላል። ከላሜሊፖዲየሙ ተቆርጦ የቀረ፣ ኒውክለስ የሌለው ቁራጭ እንኳን ብቻውን መሄዱን ይቀጥላል!

መቆንጠጫም ያስፈልጋል። ኢንተግሪን የሚባሉ ፕሮቲኖች ክሩን ከወለሉ ጋር ያያይዙታል። ያለ እነሱ ክሩ ወደ ኋላ ይንሸራተትና ሕዋሱ እዚያው ይቀራል። የኋላውን ክፍል የሚሰበስበው ማዮሲን ነው፤ በጡንቻችን ውስጥ ያለው ፕሮቲን ዘመድ።

ተማሪው፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። የወንድ ዘር ሕዋስ ጅራትስ እንደዚሁ ነው?

ሌንስ፦
አይደለም። እሱ የተሠራው ማይክሮቲዩቡል ከሚባሉ የፕሮቲን ቱቦዎች ነው፦ 9 ጥንድ ዙሪያውን፣ 2 መሀል ላይ። ዳይኒን የሚባለው ሞተር ጥንዶቹን እርስ በርስ ሲያንሸራትት ጅራቱ ይታጠፋል። በአየር ቧንቧችን ሕዋሳት ላይ ያሉት ሲሊያ የሚባሉ ፀጉር መሰል ዘንጎችም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። እዚያ ግን ሕዋሱ ንቅንቅ አይልም፤ የሚሄደው አክታው ነው።

ፊዚዮ፦
የፈሳሹም ግምት ሙሉ በሙሉ አይጣል። አንዳንድ ሕዋሳት ከሽፋኑ ሥር ያለውን የአክቲን መረብ ያጠብቁና የውስጥ ግፊታቸው ይጨምራል። ሽፋኑ በአንድ በኩል ከመረቡ ይላቀቅና ይነፋል፤ ፈሳሹም ወደዚያ ይገባል። የዜብራ ዓሣ ፅንስ ውስጥ ያሉ የዘር ሕዋሳት የሚጓዙት እንዲህ ነው።

ሌንስ፦
ልክ ነህ ፊዚዮ፣ እሱን መጨመርህ ጥሩ ነው። አንዳንድ የካንሰር ሕዋሳት ደግሞ ሁለቱንም ይችላሉ፤ አንዱ መንገድ ሲዘጋባቸው በሌላው ይሄዳሉ። ስርጭታቸውን በአንድ መድኃኒት ማስቆም ከባድ ከሚሆንባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው።