የሐሞት ቱቦ ካንሰርና የጉበት ንቅለ ተከላ፦ 82፣ 65 ወይስ 53 ከመቶ?

ጥያቄ (ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ)

ጤና ይስጥልኝ። የ48 ዓመት ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። ከሁለት ወር በፊት ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ቤተሰቡ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ሦስት ሳምንት በባህል መድኃኒት አቆየው። ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ መጥቆሩን፣ ሰገራው መንጣቱን፣ ሌሊቱን ሙሉ ገላውን ሲያክ እንደሚያድር በስልክ ስሰማ ነው ሆስፒታል እንዲሄድ የለመንኩት። ሁለቱ የሐሞት ቱቦዎች ከጉበት ወጥተው የሚገናኙበት ቦታ ላይ፣ ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚጠጋ ዕጢ ቱቦውን እንዳጠበበው በኤምአርአይ ታየ። በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ) ስቴንት፣ ማለትም የጠበበውን ቱቦ ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቧንቧ፣ ከገባለት ወዲህ ቢጫነቱ እየቀነሰ ነው። ሐኪሞቹ ካንሰር ነው ብለው አጥብቀው ይጠረጥራሉ፤ ዕጢው ከጉበቱ የደም ሥሮች ጋር በመያያዙ በቀዶ ሕክምና ማውጣት እንደማይቻልም ነግረውናል። ምርመራውን ለማረጋገጥ በመጪው ሐሙስ በሆዱ ቆዳ በኩል በመርፌ ናሙና ሊወሰድ ቀጠሮ ተይዟል።

እኔ የምኖርበት ከተማ ከሮቸስተር ብዙም አይርቅም። እዚያ ያለው ማዮ ክሊኒክ የተባለው ሆስፒታል ለዚህ ዓይነቱ ካንሰር የጉበት ንቅለ ተከላ እንደሚያደርግ ከሰማሁ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ሰነበትኩ። አንዱ ጽሑፍ አምስት ዓመት የሚኖሩት 82 ከመቶ ናቸው ይላል፣ ሌላው 65፣ ሌላው ደግሞ 53። የትኛውን ልመን? ከራሴ ጉበት ከፍዬ ልሰጠው ብፈልግስ ይቻላል? እናታችን ደግሞ ስልክ ባነሳሁ ቁጥር የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ ጥሬ ሥጋ ስለሚወድ ነው ወይ የያዘው? በየበዓሉ ያቀረበችለት እርሷ ስለሆነች ራሷን እየወቀሰች ነው።

መልስ 1 (የጉበትና የሐሞት ሐኪም)

እህቴ፣ እግዚአብሔር ወንድምዎን ይማርልን። ከመቶኛዎቹ በፊት ስለ ሐሙሱ ቀጠሮ ልጻፍ፤ ከጥያቄዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እርሱ ነውና። ንቅለ ተከላን የምታስቡ ከሆነ፣ መርፌው በሆድ በኩል ወደ ዕጢው ከመግባቱ በፊት ይህንኑ ለሐኪሞቹ ዛሬውኑ ንገሯቸው። መርፌው ሲወጣ የካንሰር ሕዋሳትን በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ሊዘራ ይችላል፤ በዚህም ምክንያት ማዮ ክሊኒክ በዚህ መንገድ ናሙና የተወሰደለትን ሕመምተኛ በመርሐ ግብሩ አያስገባም። እዚያው ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት 191 ሕሙማንን ተመልክቷል። በመርፌ ናሙና ካንሰራቸው ከተረጋገጠው 6 ሰዎች በ5ቱ ላይ በሽታው በሆድ ዕቃ ሽፋን ተሰራጭቶ ተገኝቷል፤ ይህ ናሙና ካልተወሰደላቸው መካከል ግን ስርጭት የታየባቸው 8 ከመቶው ብቻ ናቸው። ስድስት ሰው ትንሽ ቁጥር ነው፤ የሚጠፋው ዕድል ግን ተመልሶ የማይገኝ ስለሆነ እኔ በበኩሌ ለማንም ሕመምተኛዬ አልሞክረውም።

የአገር ቤት ሐኪሞች ስሕተት ሠሩ ማለቴ እንዳልሆነ ይረዱልኝ። ቀጣዩ ሕክምና ኬሞቴራፒ ብቻ ለሆነ ሰው የመርፌ ናሙና የተለመደና ተገቢ መንገድ ነው፤ ነገሩ የሚለወጠው መድረሻው ንቅለ ተከላ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ሕዋስ የሚወሰደው ስቴንቱ በገባበት መንገድ፣ በኢንዶስኮፒ ከቱቦው ውስጥ በብሩሽ ነው። ብሩሹ ካንሰር እያለ ሳይዘው የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ የኤምአርአዩ ገጽታና ሲኤ 19-9 የተባለው የደም ምርመራ አብረው ይመዘናሉ። ሲኤ 19-9 ሐሞት በመዘጋቱና በኢንፌክሽን ብቻም ስለሚጨምር፣ ቢጫነቱ በደንብ ከወረደ በኋላ ይደገም። አይጂጂ4 የተባለውን በደም ውስጥ የሚለካ ፀረ እንግዳ አካልም አብረው ያስመርምሩ፤ ከእርሱ ጋር የተያያዘ የሐሞት ቱቦ ብግነት ቁርጥ ካንሰር መስሎ ይታያል፣ በስቴሮይድ ግን ይሻሻላል።

ወደ ቁጥሮቹ ስንመጣ ሦስቱም እውነት ናቸው፤ የተቆጠሩት ሰዎች ግን አንድ አይደሉም። ቀደም ባለው ዘመን ለዚህ ካንሰር ያለ ሌላ ዝግጅት ጉበት ይተከል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የ207 ሕሙማን መዝገብ እንዳሳየው ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ካንሰሩ ተመልሶ መጥቷል። ለጋሽ የማይገኝለትን ጉበት ለዚህ በሽታ ማዋል አይገባም ብለው ብዙ ሆስፒታሎች የተዉት በዚህ የተነሳ ነው። ማዮ ክሊኒክ እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረው መንገድ ግን ቅደም ተከተሉን ለወጠ። በመጀመሪያ ከኬሞቴራፒ ጋር በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ሳምንት ያህል የጨረር ሕክምና ይሰጣል፤ ቀጥሎ ቱቦው ውስጥ በሚገባ ኢሪዲየም በተባለ ጨረር አመንጪ ብረት ከውስጥ ሌላ ጨረር ይጨመራል፤ ሕመምተኛው ጉበት እስኪያገኝ ድረስ በአፍ የሚወሰድ ኬሞቴራፒ ይዞ ይቆያል፤ ከንቅለ ተከላው በፊትም በቀዶ ጥገና ሆዱ ተፈትሾ ካንሰሩ ወደ ሊምፍ ዕጢዎችና ወደ ሌላ ቦታ አለመዛመቱ ይረጋገጣል። የዕጢው ስፋት 3 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ ሕመምተኛ አይገባም፤ የወንድምዎ ከዚያ በታች መሆኑ ደግ ነው።

82 ከመቶ የሚለው እ.ኤ.አ. በ2005 ከወጣው ዘገባ የተወሰደ ነው። ሕክምናውን ከጀመሩት 71 ሰዎች እስከዚያ ድረስ ጉበት የተተከለላቸው 38 ነበሩ፣ 82 ከመቶውም የእነርሱ ስሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት 12 የአሜሪካ ማዕከላትን፣ 287 ሕሙማንን ያካተተ ነው። ከተተከለላቸው መካከል በአምስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ ሳይመለስባቸው የኖሩት 65 ከመቶ ሲሆኑ፣ በመንገድ ላይ የቀሩትን ጨምሮ ሕክምናውን ከጀመሩበት ቀን ሲቆጠር ደግሞ በአምስት ዓመት በሕይወት የቆዩት 53 ከመቶ ናቸው። ወንድምዎ ገና በሩ ላይ ስለሆኑ ለእርሳቸው የሚሠራው 53ቱ ነው። ሊወጣ ለማይችል የሐሞት ቱቦ ካንሰር ለብዙ ዓመታት ዋና መድኃኒት የሆነው የጄምሲታቢንና የሲስፕላቲን ጥምረት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው የ410 ሰዎች ሙከራ ላይ ሕሙማኑ በሕይወት የቆዩበትን መካከለኛ ጊዜ ከ8.1 ወደ 11.7 ወር ነው ያሳደገው። ይህን አጠገቡ ሲያስቀምጡት 53 ትንሽ ቁጥር አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ለቤተሰቡ ይንገሩልኝ፤ ስቴንት ያለበት ሰው ብርድ ብርድ ብሎት ካተኮሰው እስከ ንጋት አይጠበቅም፣ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ይሂዱ።

መልስ 2 (ለአባቱ ጉበት የሰጠ፣ ከአዲስ አበባ)

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ ለጋሽነት ግን ያየሁትን ልንገርዎ። አባቴ በሄፓታይተስ ቢ ምክንያት ጉበታቸው ጠባሳ ሆኖ ነበር። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ቢጀመርም የጉበት ግን አይሰጥም፤ ስለዚህ ወደ ዴልሂ ሄድን። ህንድ ውስጥ አብዛኛው የጉበት ንቅለ ተከላ የሚደረገው በሕይወት ካለ ለጋሽ ነው። መጀመሪያ ታላቅ ወንድሜ ሊሰጥ ተመረመረ፣ ጉበቱ ላይ ስብ በመገኘቱ ግን አልሆነም፤ ተራው ለእኔ ደረሰ። የወሰዱት የቀኝ ክፍሉን፣ ከጠቅላላው 60 ከመቶ ያህል ነው። በሦስተኛው ወር በሲቲ ስካን ሲያዩት ወደ ቀድሞ መጠኑ ተጠግቶ ነበር።

ከመፈረሜ በፊት ከሺህ ለጋሾች ከአንድ እስከ አምስት የሚደርሱት ሊሞቱ እንደሚችሉ ፊት ለፊት ተነግሮኛል፤ እርስዎም ይህን ለብቻዎ፣ ቤተሰብ በሌለበት ይስሙት። ሕመሙን አልደብቅዎትም። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ሳል በመጣብኝ ቁጥር ትራስ ሆዴ ላይ በሁለት እጄ ተጭኜ ነበር የምስለው። ሁለት ወር ከባድ ነገር አላነሳሁም።

ያልጠበቅነው ፈተና የወረቀቱ ነበር። የህንድ ሕግ ለጋሹ የቅርብ ዘመድ መሆኑን አጥብቆ ስለሚጠይቅ የዝምድና ማስረጃ፣ የኤምባሲ ደብዳቤ፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ሳይቀር አቅርበናል። የአባቴ ስም በእርሳቸው ፓስፖርትና በእኔ የልደት ማስረጃ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል በሁለት ዓይነት መንገድ ተጽፎ በመገኘቱ ብቻ ሁለት ሳምንት ባከነብን። የእርስዎና የወንድምዎ የአባትና የአያት ስም በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት አጻጻፍ እንዳለው ከአሁኑ ያረጋግጡ።

ሌላም አለ። ጉበት የሚተክል ሆስፒታል ሁሉ ይህን ካንሰር ሐኪሙ በገለጹት መንገድ በጨረር አዘጋጅቶ ይተክላል ማለት አይደለም። ደላላ ሳይሆን የማዕከሉን ሐኪም ራሱን ይጠይቁ፤ ለዚህ በሽታ ስንት ሰው እንደታከመላቸው በጽሑፍ ይንገሯችሁ።

መልስ 3 (የሕብረተሰብ ጤና ባለሙያ)

የእናትዎን ጥያቄ ማንም ስላላነሳው እኔ ልመልስ፤ ለእርሳቸው ዛሬውኑ ደውለው ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል። ጥሬ የበሬ ሥጋ የሚያመጣው ኮሶን ነው፤ ኮሶ የሚኖረው በአንጀት ውስጥ ሲሆን ከሐሞት ቱቦ ካንሰር ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። በምግብ የሚመጣው የሐሞት ቱቦ ካንሰር በዓለም ላይ በብዛት የታወቀው በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ነው። እዚያ ኮይ ፕላ የሚባል ከጥሬ የወንዝና የሐይቅ ዓሣ የሚሠራ ምግብ አለ፤ በዓሣው ውስጥ ያለው ኦፒስቶርኪስ ቪቬሪኒ የተባለ ጠፍጣፋ ትል በሐሞት ቱቦ ውስጥ ለዓመታት እየኖረ ግድግዳውን ያቆስላል፣ ቁስለቱም ሲደጋገም ካንሰር ያስከትላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ይህን ትል በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ብሎ የመደበው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። የእናትዎ የበዓል ሥጋ በዚህ ታሪክ ውስጥ የለም።

ብዙዎቹ ሕሙማን ጭራሽ ምክንያቱ የማይታወቅላቸው ናቸው። የወንድምዎ ሐኪሞች ሊጠይቋቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች ግን አሉ፤ ለረጅም ጊዜ የቆየ የአንጀት ብግነትና ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ የሐሞት ቱቦ ጠጠር፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ እንዲሁም የሥራ ሁኔታ። የሥራውን ያነሣሁት በኦሳካ በአንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ 1,2-ዳይክሎሮፕሮፔን በተባለ የማጽጃ ፈሳሽ ሲሠሩ የነበሩ ወጣት ሠራተኞች ላይ ይኸው ካንሰር በመታየቱ ነው፤ ተቋሙም ኬሚካሉን እ.ኤ.አ. በ2014 ከዚያው ምድብ አስገብቶታል። እርስዎና ሌሎች ወንድም እህቶችዎም ሄፓታይተስ ቢ ተመርመሩ። ክትባቱ በኢትዮጵያ የሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ የእናንተ ዕድሜ አላገኘውም፤ ለመለገስም ቢሆን መጀመሪያ ከሚጠየቁት ምርመራዎች አንዱ እርሱ ነው።

የጠያቂዋ መልስ (ረቡዕ ማታ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ትናንት በእኔ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ለወንድሜ ሐኪም ደወልኩ። የመርፌውን ነገር ስነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡኝ፣ ከዚያም ንቅለ ተከላ እንደምናስብ ቀድሞ ቢያውቁ ኖሮ ቀጠሮውን እንደማይሰጡ ነገሩኝ። የሐሙሱ ተሰርዟል፤ በምትኩ ስቴንቱ ሲቀየር በብሩሽ ይወሰዳል፣ ሲኤ 19-9 እና አይጂጂ4 ደግሞ ዛሬ ጠዋት ደም ተሰጥቶባቸዋል። የኤምአርአዩን ምስል በሲዲ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ይዞልኝ ቅዳሜ ይደርሳል፤ ሰኞ እኔው ራሴ ሮቸስተር አደርሰዋለሁ። ስማችንንም አየሁት፤ የአያታችን ስም በእርሱ ፓስፖርት ላይ በአንድ ፊደል ይለያል፣ ከአሁኑ ማስተካከል ጀምረናል።

ለእናታችን ስለ ኮሶው ነገርኳት። ብዙ ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «እንግዲያው ሲድን እሠራለታለሁ» አለችኝ። ማሳከኩ ቀንሶለት ትናንት ሌሊት እንቅልፍ ወስዶታል።