ለሮቦት ፍሬም 1/8 ወይስ 1/16 ኢንች ውፍረት ያለው ቱቦላሬ? ድራይቩስ (የጎማው አነዳድ) ምን ይሁን?

የሜሪላንዱ አባት፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ልጄ ሃይስኩሏ ውስጥ ኤፍአርሲ (የሃይስኩል ልጆች ሮቦት ሰርተው የሚወዳደሩበት) ቡድን ገብታ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ማገዝ ጀምሬያለሁ። ቡድኑ አዲስ ነው፣ ያለን ትራፓኖና አንድ መቁረጫ ብቻ። ልጆቹ ስወርቭ (እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው አቅጣጫ የሚቀይርበት ድራይቭ) ካልሆነ ሞተን እንገኛለን እያሉ ነው፣ በጀቱ ደግሞ አይፈቅድም። ፍሬሙን በ2 በ1 ኢንች አሉሚኒየም ልንሰራ ነው፣ ግን ውፍረቱ ላይ አልተስማማንም። ብየዳ የሚችል ዘመድ አለኝ፣ ልጥራው?

ትራፓኖ፦
ወንድሜ ታችኛውን 1/8 አድርገው። በፉት 0.8 ፓውንድ ገደማ ነው፣ 1/16ቱ 0.42 ነው፣ 12 ፉት ቢፈጅብህ ልዩነቱ አምስት ፓውንድ አይሞላም፣ የ2025 የሮቦት ክብደት ገደብ 115 ፓውንድ ነበር፣ ታች ያለ ክብደት ደግሞ እንዳይገለበጥ ይረዳሃል። 1/16 ላይ ኩሽኔታ ገጥመህ ሁለት ሦስቴ ከተጋጨ ቀዳዳው ሞላላ ይሆናል፣ ከዛ ካቴናው ይላላል። ስሱን ለክንዱና ለኤሌቬተሩ አስቀምጠው። ዘመድህን ምሳ ጋብዘው እንጂ ብየዳውን ተወው፣ 6061-ቲ6 (ጠንከር ያለው የአሉሚኒየም ዓይነት) የተበየደበት አካባቢ ጥንካሬው ይወርዳል፣ ይጣመማልም። የማዕዘን ፕሌትና 3/16 ሪቬት በቂ ነው፣ ውድድር መሃል ቢሰበር ሪቬቱን በትራፓኖ ነቅለህ ትቀይራለህ። ሰፈር ያለው ሃርድዌር ቤት የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ 6063 ነው፣ ለስለስ ይላል፣ አይተህ ግዛ።

ቤቲ_ኮድ፦
ልጆቹ ግን አልተሳሳቱም እኮ 😀 አሁን ጠንካራ የሚባሉት ቡድኖች አብዛኞቹ ስወርቭ ናቸው። ሞጁሉ ተዘጋጅቶ ይሸጣል፣ ማዕዘኑ ላይ በቡሎን ማሰር ነው፣ ችግሩ 4 ሞጁል ማለት 8 ሞተር ነው፣ ኮዱም የዋዛ አይደለም። ፕሮግራመር ከሌላችሁ ዘንድሮ ይለፋችሁ። መካነም (ዙሪያውን ሰያፍ ሮለር ያለው ጎማ) የሚላችሁን ግን አትስሙ፣ ከጎን ገፋ ሲያደርጉት ይሄዳል።

ትራፓኖ፦
እንግዲያው 6 ጎማ፣ የመሃሉ 1/8 ኢንች ዝቅ ይበል። ጎማዎቹ ሁሉ እኩል ከነኩ ሲዞር ወደ ጎን ይፈተጋሉ፣ ሞተሩ ከረንት ይጎትታል፣ ባትሪው ቮልቴጅ ይወርድና ሮቦቱ መሃል ሜዳ ይደነዝዛል። ከኪቱ (ውድድሩ ለቡድኖች ከሚሰጠው ዕቃ) ጋር ቻሲስ ከደረሳችሁ ጭራሽ አትልፉ፣ እሱን ገጥማችሁ ሹፌሩን አለማምዱ።

የሜሪላንዱ አባት፦
ተባረኩ። ልጆቹን ማሳመኑ ነው እንግዲህ። ካቴናውን ቱቦላሬው ውስጥ ማሳለፍ ይቻላል?

ትራፓኖ፦
ቁጥር 25 የሚባለው ቀጭን ካቴና ይገባል፣ ከግጭትም ይጠበቃል፣ ግን ከተበጠሰ ማውጣቱ ፍዳ ነው። ለዘንድሮ ውጪ ይሁንላችሁ።