የቅድመ ክፍያ ቆጣሪው የቁጥር ማስገቢያ ከቆጣሪው ጋር አልገናኝ አለኝ

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦
ጤና ይስጥልኝ። ቆጣሪያችን ከግቢው ውጭ ፖል ላይ ተሰቅሏል፤ ካርድ የምንሞላበት የቁጥር ማስገቢያ ደግሞ ሳሎን ውስጥ ሶኬት ላይ ይሰካል። ከክረምቱ ወዲህ ቀን ቀን አልፎ አልፎ፣ ማታ ማታ ግን ጨርሶ አይገናኝም፤ 20ውን አሃዝ አስገብቼ ስጨርስ የግንኙነት ስህተት ያሳያል። የመብራት ኃይል ሠራተኞች ሲጠየቁ «የኔትወርክ ችግር ነው፣ ይጠብቁ» ከማለት በቀር መልስ የላቸውም። ቤቱ የድሮ የድንጋይ ቤት በመሆኑ ጎረቤቶቼ በግድግዳው ያመካኛሉ፤ ባለቤቴ ደግሞ ምጣዱን ትጠረጥራለች። ችግሩን ራሴ የምለይበት መንገድ ይኖር ይሆን? ግንኙነት በሌለበት ጊዜስ የተጠቀምነው ተጠራቅሞ ይመጣብናል?

መልስ፣ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ፦
ሶኬት ላይ የሚሰካ ማስገቢያ በአብዛኛው መልእክቱን የሚልከው በዚያው በኤሌክትሪክ ገመድ ላይ ነው፤ የድንጋይ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ የሚያስቸግሩት በባትሪ እየሠራ በሬዲዮ ሞገድ የሚገናኘውን ዓይነት ነው። በገመድ ለሚሄደው መልእክት ዋናው ጠላት ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች፣ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች ወደ መስመሩ የሚለቁት ረብሻ ሲሆን፣ ችግሩ ማታ መባሱም ከዚህ ጋር ይስማማል። ምጣዱ ቮልቴጁን ይጥል እንደሆነ እንጂ እንዲህ ያለ ረብሻ አያመጣም፤ በዚህስ ባለቤትዎ ይቅር ይበሉኝ።

ማስገቢያውን ከዲቫይደርና ከስታብላይዘር ነቅለው በቀጥታ ግድግዳ ላይ ካለ ሶኬት ይሰኩት፤ ስታብላይዘር መልእክቱን ሊያፍነው ይችላል። ከዚያም ለዚያ ሶኬት ኃይል ከሚሰጠው ብሬከር በቀር ሌሎቹን ሁሉ አጥፍተው፣ በዚያ መስመር ላይ የቀረውንም ዕቃ ነቅለው ቁጥሩን ያስገቡ። ከተቀበለ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየመለሱ ይሞክሩ። ካልተቀበለ ለብሬከር ሳጥኑ ቅርብ በሆነ ሶኬት ይድገሙት፤ እዚያም እምቢ ካለ ጥፋቱ ከቤትዎ ውጭ ሊሆን ይችላል፤ በዝናብ የዛገ ወይም የላላ ማያያዣ ይህን ያመጣል። ፖል ላይ ግን እንዳይወጡ፣ ሌላ ሰውም እንዳያስወጡ።

መልስ፣ ከደብረ ሲና፦
የተሰጠዎት ምክንያት ሁለት የተለያዩ ግንኙነቶችን ያቀላቀለ ይመስለኛል። ኔትወርክ የሚባለው ቆጣሪው በውስጡ ባለ ሲም ካርድ ወይም በትራንስፎርመሩ አጠገብ ባለ የቆጣሪዎችን ንባብ በሚሰበስብ መሣሪያ በኩል ከማዕከል ጋር የሚገናኝበት ነው። እኛ ዘንድ በተራራው ሳቢያ ስልክ እንኳ አንዳንድ ቦታ አይሠራምና ያ ቢቋረጥ አይደንቅም፤ የእርስዎ ማስገቢያ ግን ለቆጣሪው ቁጥር ለማቀበል ማዕከሉን አይጠብቅም።

ሁለተኛውን ጥያቄዎን በተመለከተ፣ ቆጣሪው መቁጠሩን አያቋርጥም። የሞሉት ሒሳብ የሚቀነሰው እዚያው ቆጣሪው ውስጥ ስለሆነ የሚጠራቀም ዕዳ አይኖርም፤ ሲያልቅም ኔትወርክ ኖረ አልኖረ መብራቱን ይቆርጣል። ስለዚህ ማታ እስኪያልቅ ሳይጠብቁ ቀን ይሙሉ። በወር መጨረሻ የሚከፈልበት ስማርት ቆጣሪ ያላቸው ሰዎች ግን ንባቡ ተከማችቶ ዘግይቶ ሊላክ ስለሚችል፣ በቆጣሪው ሰሌዳ ላይ ያለውን ቁጥር ከደረሰኙ ጋር ቢያስተያዩ ይሻላቸዋል።

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት፦
የሚያሳየው የግንኙነት ስህተት ነው ወይስ ቁጥሩን አልቀበልም ማለት? ብዙ አገሮች የሚጠቀሙበት የ20 አሃዝ ሥርዓት የጊዜ መቁጠሪያው ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ላይ ሞልቶ ስለነበር፣ ያልታደሰ ቆጣሪ ከዚያ በኋላ የወጣን ቁጥር አይቀበልም። ያኛው በማሻሻያ ቁጥር እንጂ በሶኬት ለውጥ አይፈታም።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሚታየው የግንኙነት ስህተት ነው። ብሬከሮቹን አጥፍቼ ስሞክር ማታም ተቀበለ፤ የበረንዳው አምፖል ሲበራ እንደገና ጠፋ። አምፖሉን ባነሳም አንዳንድ ምሽት ይቆራረጣል፤ የጎረቤት ዕቃም ይረብሽ ይሆን?

መልስ፣ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ፦
አዎ፣ በአንድ ፌዝ ላይ ከሆናችሁ፣ ማለትም ከትራንስፎርመሩ ከሚመጡት የኃይል መስመሮች አንዱን የምትጋሩ ከሆነ፣ ይረብሻል። የብሬከሩን ሙከራ ውጤት ጽፈው ያመልክቱ፤ ቴክኒሻን ሲመጣም ማታ በሚቆራረጥበት ሰዓት እንዲለካው ይጠይቁ።