ሉዊስ ሱዋሬዝ፦ በግቦቹ ይመዘን ወይስ በእጁና በጥርሱ?

አወያይ፦ ኡራጓያዊው አጥቂ በ2024 ከብሔራዊ ቡድኑ ሲሰናበት 69 ግቦች አስቆጥሮ ነበር፤ ለአገሩ ከእርሱ በላይ ያገባ የለም። ሆኖም ስሙ በተነሣ ቁጥር ጋና አብራ ትነሣለች። ከታላላቆቹ አጥቂዎች ተርታ ይሰለፋል ወይ? (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥቁር ኮከብ፦ በእኔ ዘንድ አይሰለፍም። የ2010 የዓለም ዋንጫ፣ ጆሃንስበርግ፣ የጋናና የኡራጓይ ሩብ ፍጻሜ፣ 1 ለ 1፣ 120ኛው ደቂቃ። አንድ የአፍሪካ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሽ ፍጻሜ ሊገባ ነው። ዶሚኒክ አዲያ በግንባሩ የገጫትን ኳስ ይህ ሰው እንደ ግብ ጠባቂ በእጆቹ መለሳት። በቀይ ካርድ ሲወጣ እያለቀሰ ነበር፤ የአሳሞአ ጂያን ፍፁም ቅጣት ምት አግዳሚውን ገጭታ ስትወጣ ግን ከሜዳው ጥግ ሆኖ ጨፈረ። እጁን ይቅር ብለው እንኳ ጭፈራውን አልችልም።

ዘጠኝ ቁጥር፦ ወንድሜ፣ ሕጉ ቀይ ካርድና ፍፁም ቅጣት ምት ይላል፤ ሁለቱም ተሰጥተዋል። ሱዋሬዝም በግማሽ ፍጻሜው አልተሰለፈም፤ ኡራጓይ በኔዘርላንድስ 3 ለ 2 ተሸነፈች። ደግሞ ምስሉን መልሰህ እየው፦ አጠገቡ የቆመው የቡድን ጓደኛው ፉሲሌም እጁን ዘርግቶ ነበር። ፉሲሌን ማንም የማያወግዘው ኳሷ ስላላገኘችው ብቻ ነው።

ቀያዮቹ፦ እኔ የሊቨርፑል ደጋፊ ነኝ፤ በዚህ ሰው ብዙ ተደስቻለሁ፣ አፍሬበትማለሁ። በ2013/14 የውድድር ዘመን በ33 የሊግ ጨዋታዎች 31 ግብ ሲያገባ አንዷም ፍፁም ቅጣት ምት አልነበረችም። በኖርዊች ላይ ካገባቸው አራት ግቦች የመጀመሪያዋን አስታውሱ፦ ነጥራ የመጣችለትን ኳስ ከዚያ ሁሉ ርቀት ሳያቆም መታት፤ በግብ ጠባቂው አናት ላይ አልፋ መረብ ውስጥ ገባች። በባርሴሎና 198 አገባ፤ በ2015/16 በላ ሊጋ ብቻ 40። ባርሴሎና አርጅቷል ብሎ ሲያሰናብተው አትሌቲኮ ማድሪድ ገብቶ በ2021 በመጨረሻው ዕለት ቫያዶሊድ ላይ ዋንጫዋን የወሰነችውን ግብ ያስቆጠረው እርሱ ነው።

ስለዚህ በችሎታው አልከራከርም። በእጁም አልከሰውም፤ ያ የቅጽበት ነገር ነው። የኔ ክስ ጥርሱ ነው። በ2010 ባካልን፣ በ2013 ኢቫኖቪችን፣ በ2014 ኪየሊኒን ነከሰ። አንዱን በስሜት ተገፋፍቶ ነው እንበል፤ ሦስቱንስ ምን እንበለው? በፓትሪስ ኤቭራ ላይ በሰነዘረው የዘር ስድብም ስምንት ጨዋታ ታግዷል። በዚያ ሰሞን ተጫዋቾቻችን ፎቶው የታተመበት ካናቴራ ለብሰው ሲያሟሙቁ አይቼ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

የመስመር ዳኛ፦ ጥፋቱ የሕጉ ነው። በራግቢ እርግጠኛ የሆነን ነጥብ በጥፋት ያስቀረ ቡድን ነጥቡ ይመዘገብበታል። መስመሩ ላይ በእጅ የተመለሰች ኳስ ግብ ተብላ ትጻፍ፤ ያኔ እጅ ማስገባት ትርፍ የለውም።

ዘጠኝ ቁጥር፦ ከመስመሩ አንድ ሜትር ወዲህ ሆና በእጅ ብትነካስ? ዳኛው «ትገባ ነበር» ብሎ ግብ ይቁጠር? ጭቅጭቁ ቦታ ይቀይራል እንጂ አይቀርም። ለመሆኑ በ2022 ኳታር ላይ የጋናው አንድሬ አዩ በኡራጓይ ላይ ፍፁም ቅጣት ምት ሲስት የማን እጅ ገባ? ሱዋሬዝ ከዚያ ጨዋታ በፊት ይቅርታ ሲጠየቅ «የሳትኩት እኔ አይደለሁም» ያለው እውነቱን ነው።

ጥቁር ኮከብ፦ ያንን ቀን ካነሣኸውማ ጨርሰው እንጂ። 2 ለ 0 መሩን፤ ኮሪያ ፖርቱጋልን በባከነ ሰዓት ስታሸንፍ ግን ኡራጓይም ከምድቧ ወደቀች። ሱዋሬዝ ተቀያሪ ወንበር ላይ ማልያውን ወደ ፊቱ ስቦ አለቀሰ። ጋናም ወድቃለች፤ እኔ ግን ቆሜ አጨበጨብኩ። ይቅርታ አልጠይቅም።